ወንድሜ የሠራልኝ ክራንች

ሚያዝያ 4

ዛሬም ወደቅኩ። የመምህራን ማረፊያው በር ላይ። ወለሉ ተወልውሎ ገና አልደረቀም... የክራንቼ ጎማ እርጥብ ሴራሚክ ሲያገኝ እንደ ሳሙና ነው የሚሆነው። በቀኝ ጎኔ አረፍኩ። የተማሪዎቹ ፈተና እርጥቡ ላይ ተለጠፈ። የታሪክ መምህሩ ሮጦ መጥቶ ደግፎ አነሣኝ። አይዞሽ፣ አይዞሽ ይላል። ማን ፈራ? አይዞሽ የሚባለው ለፈራ ሰው ነው። እኔ የተናደድኩ ሰው ነኝ።

ከሰዓት ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ማስተማሩን ትቼ ቤተ መጻሕፍት ብቀመጥ ለጤናዬ ይሻላል አለ። ለጤናዬ! ኬሚስትሪ የማስተምረው በእግሬ ነው እንዴ? እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንየው ብሎ ሸኘኝ። አንዴ ደግሜ ብወድቅ መጽሐፍ ሳከፋፍል ልኖር ነው ማለት ነው።

ሚያዝያ 6

ወንድሜ መጣ። ቤተሰቡ ሁሉ "ኢንጂነሩ" ነው የሚለው። እማዬ እንኳ በስሙ መጥራት ከተወች ቆየች። የሚሠራው ተሐድሶ ማዕከል ውስጥ ነው፣ ሰው ሠራሽ እግርና ክራንች የሚሠሩበት ወርክሾፕ። እኔ የመኪና አደጋ ከደረሰብኝ ወዲህ አዲስ ክራንች ይሠራል። አፉን በከፈተ ቁጥር "ለእህቴ ነው" ይላል። ለአለቆቹ ለእህቴ ነው፣ ለጓደኞቹ ለእህቴ ነው። እህትየዋ ግን አንድም ቀን ተጠይቃ አታውቅም።

ዛሬ ይዞት መጣ። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ሰማያዊ፣ ላባ የሚያህል፣ መሃሉ ላይ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ። መያዣው ላይ መብራት አለችው። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

ለምንድን ነው የሚታጠፈው አልኩት። ታክሲ ውስጥ እንዳያስቸግርሽ አለ። ታክሲ ውስጥ አስቸግሮኝ አያውቅም። የሚያስቸግረኝ ወለል ነው። ገልብጬ ጎማውን አየሁት... ያው የድሮው ጎማ። ነገርኩት።

"እሱ በሚቀጥለው ይስተካከላል።"

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ማዕከሉ ኤግዚቢሽን አለው። እስከዚያ እኔና አንድ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ እየሄድንበት እንድንሞክረው ነው የተፈለገው። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? እማዬ ዓይኗን ተክላብኝ ስለነበር።

ሚያዝያ 13

መብራቷ በጠራራ ፀሐይ ትበራለች። አጠፋታለሁ፣ ትበራለች። ተማሪዎቹ "አምቡላንስ" የሚል ስም አወጡልኝ። ሳቅኩ። ቤት ስገባ ተናደድኩ።

ሚያዝያ 20

ወርክሾፑ ሄድኩ። ፖስተኛውን ዛሬ ነው ያወቅኳቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሽማግሌ። አንዱ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏል። ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ ደብዳቤ ሳድል ኖሬ አሁን እግሬ ጡረታ ጠየቀ ይላሉ።

ማጠፊያው የሳቸውም ይንቋቋል። ሰውነታችንን ስናሳርፍበት ቋ... ቋ... እኔ የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ወንድሜን ጠራሁት። ብሎኑ እየላላ ነው፣ ስደገፍበት ይሰማኛል አልኩት። በመፍቻ ጠበቅ አደረገውና ገና ስላልተላመደ ነው አለ።

ፖስተኛው "ብረት ይላመዳል እንዴ፣ ልጄ?" አሉት። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወንድሜ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ክራንቹን ከፍ አድርጉት፣ ፈገግ በሉ እያለ ፎቶ አነሳን።

ማጠፊያውን ተወው፣ ወጥ አድርገህ ሥራው ብዬ ብነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሰው የሚወደው ማጠፊያውን ነው አለ። የቱ ሰው? በሁለት እግሩ ቆሞ የሚያየው ሰው።

ሚያዝያ 28

ዛሬ ደረጃ ላይ ማጠፊያው ከዳኝ። ግድግዳ ያዝኩ እንጂ አልቆልኝ ነበር። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ደወልኩለት። ስብሰባ ላይ ነኝ አለ። እንደገና ደወልኩ። እሺ፣ አየዋለሁ።

በቃ። የድሮውን እንጨት ክራንቼን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ብብቴን ይልጠኛል፣ እርጥብ ላይ ያንሸራትተኛል፣ ግን አይታጠፍም።

ፖስተኛውም ጋ ደወልኩ። እባክዎ ይተውት አልኳቸው። "ወንድምሽ እኮ ብዙ ለፍቷል፣ ልጄ፣ ትንሽ ልሞክርለት" አሉ። ሰው እንዴት እንዲህ ጥሩ ይሆናል? ጥሩነታቸውም አናደደኝ።

ግንቦት 7

ፖስተኛው ወደቁ።

የገዛ ቤታቸው በር ላይ። ከደጃፉ ደረጃ ወደ መንገዱ ሲወርዱ ክራንቹ መሃሉ ላይ ታጠፈ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሚስታቸው ስትደውልልኝ የምትለው አልገባኝም ነበር፣ ለቅሶዋን ብቻ ነው የሰማሁት።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ኮታቸውን አውልቀውላቸዋል። ያለ ኮት ሌላ ሰው ናቸው፣ ትንሽ፣ ትከሻቸው የሕፃን። እንዲያም ሆነው "ክራንቹ አልተጎዳም አይደል?" አሉኝ። ቀልዳቸው ነው። ፊቴን አዞርኩ።

ኮሪደር ወጥቼ ለወንድሜ ደወልኩ። ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"በትክክል ቆልፈውት ነበር?"

ደሜ ፈላ። ስልኩን ዘጋሁት። አንዲት ነርስ ውኃ ሰጠችኝ። በትክክል ቆልፈውት ነበር... ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ላይ ጥፋት ይፈልጋል!

ግንቦት 9

እማዬ ጠራችኝ። ቁጭ በይ አለችኝ፣ እንደ ልጅነታችን። ኤግዚቢሽኑ እስኪያልፍ ነገሩ እንዳይወራ፣ ልጁ የለፋበት ነው፣ ስሙ ይጠፋል፣ ከሥራው ያስወጡታል፣ አንቺ ታላቅ እህቱ ነሽ...

"እማዬ፣ ሰውየው እኮ ዳሌያቸው ተሰብሯል።"

"እግዜር ይማራቸው እንጂ ምን ይደረግ? እሱ ሆን ብሎ አደረገው?"

ሆን ብሎማ አይደለም። ሆን ብሎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሁለታችን እየነገርነው ነው ያደረገው። ይህን አልኳት። ፊቷን አጨፈገገች፣ ከዚያ መጥረጊያ አንሥታ የተጠረገ ቤት ትጠርግ ጀመር።

ግንቦት 19

የፖስተኛው ቀዶ ጥገና ተሳካ። ሄጄ ጠየቅኳቸው። ወንድሜ እስከ ዛሬ ሐኪም ቤቱን አልረገጠም። ብርቱካንና ሙዝ በማዕከሉ ሾፌር ልኳል። ሚስታቸው ብርቱካኑን አልጋው ሥር እንዳለ ትታዋለች። መብላቱም መጣሉም ደስ አላላትም።

በሾፌር!

ሰኔ 1

ዛሬ ወንድሜ ራሱ ደወለ። ከነገ ወዲያ ኤግዚቢሽኑ ላይ በሰማያዊው ክራንች መድረኩን እንድሻገር ይፈልጋል። ከዚህ እስከዚያ ብቻ ነው አለ። ማጠፊያውን አጥብቄዋለሁ፣ በድጋሚ ፈትሼዋለሁ አለ። ፖስተኛውን አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። እመጣለሁ አልኩት።

ሰኔ 3

መጣሁ። በእንጨት ክራንቼ።

አዳራሹ ሙሉ ነው። ሰማያዊ ክራንቾች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፣ የኔና የፖስተኛው ፈገግታ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተሰቅሏል። እማዬ ፊት ወንበር ላይ፣ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ።

ወንድሜ ማይክ ይዞ "ይህ ሁሉ ለእህቴ ነው" አለና እጁን ወደኔ ዘረጋ። ተጨበጨበ። ወጣሁ። መድረኩ ላይ ስደርስ እንጨቱን ሲያይ ቀስ ብሎ "ሰማያዊውስ?" አለኝ። ማይኩ ሰማው፣ አዳራሹም ሰማ። ማይኩን ከእጁ ወሰድኩት።

ብዙ አልተናገርኩም። ድምፄም እንደ ሁልጊዜው አልጮኸም፣ ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው ነበር። "ያ ግድግዳው ላይ ፈገግ ያሉት ሰው ሐኪም ቤት ተኝተዋል። ክራንቹ መሃሉ ላይ ታጥፎ ጣላቸው። ማጠፊያው እንደሚላላ ሁለታችንም ነግረን ነበር።"

አንድ ሰው አሳለ። ወንድሜ አመዱ ቡን አለ። የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ተነሥታ አንዱን ክራንች ከጠረጴዛው አንሥታ መሬቱን አስደግፋ ተጫነችው። ቋ አለ። አስቀመጠችው። ሁሉንም ሰብስቡ አለች።

እማዬ ሳታየኝ ወጣች።

ሰኔ 4

እማዬ ስልክ አታነሣም። አልጸጸትም። ለምን ታዲያ ደጋግሜ እደውላለሁ?

ሰኔ 8

ወንድሜ መጣ። እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ። በሩን እንኳ አልዘጋውም፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

በሰው ፊት አዋረድሽኝ አለ። ቤት ውስጥ ስነግርህ መች ሰማህ አልኩት። ሥራዬን ላጣ ነው አለ። ሰውየው መራመዳቸውን ሊያጡ ነው። ለአንቺ ብዬ ነው የደከምኩት። ለኔ ብለህ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል? ከአደጋው ወዲህ ሰው ሁሉ ጠላትሽ ነው፣ የሚረዳሽም የሚጎዳሽም አንድ ሆኖብሻል አለ። ይሄኛው ገባኝ፣ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን አሁን አይደለም የሚነገረኝ!

ከዚያ ድምፁ ተሰበረ።

"አንቺን ማየት አልችልም ነበር። ስትራመጂ ማየት አልችልም። ስለዚህ ክራንቹን ነበር የማየው።"

ማዘን ነበረብኝ? ሌላ ሰው ቢሆን ታናሽ ወንድሟን እቅፍ ታደርገው ነበር። እኔ ባሰብኝ። አንተ ማየት ያልቻልከውን እኔ ተሸክሜው አይደል የምውለው አልኩት። ቆሞ አየኝ። ወጣ። በሩን አሁንም አልዘጋውም። ተነሥቼ፣ ግድግዳ ይዤ፣ ራሴ ዘጋሁት።

ሰኔ 15

የፖስተኛው ሚስት ደወለች። ወንድሜ ዛሬ ሐኪም ቤት መጥቶ ነበር። በሾፌር አይደለም፣ ራሱ። የከዳቸውን ክራንች ማጠፊያ በላስቲክ ይዞ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ መጀመሪያ የትኛውን እግር አወረዱ፣ ክብደትዎ በየት በኩል ነበር፣ ድምፁን ከመቼ ጀምሮ ሰሙት እያለ ሲጠይቃቸው ዋለ አለችኝ። ይቅርታም ጠይቋል። ፖስተኛው "እሱን ተወው፣ ማጠፊያውን ንቀለው" አሉት።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። አሁን ይጠየቃል? ሰው ሲሰበር?

ሰኔ 18

ዳይሬክተሩ የቤተ መጻሕፍቱን ነገር ደግሞ አነሣ። ክፍሌን አልለቅም አልኩት። ወለሉ የሚወለወለው ተማሪ ከወጣ በኋላ ይሁን፣ የሚያንሸራትተው እኔን ብቻ አይደለም፣ ባለፈው ወር ነፍሰ ጡሯ የሒሳብ መምህርትም ወድቃለች አልኩት። እሱን አላውቅም ነበር አለ። እሷን ግን አይዞሽ ብለው ቤተ መጻሕፍት አልላኳትም አልኩት። እሺ፣ ይቅር አለ። ክፍሌ በመስከረም ይጠብቀኛል።

ሰኔ 22

እማዬ ደወለች። ስለ ዝናቡ አወራን። ብዙ ስለ ዝናብ አወራን።

ሰኔ 29

ፖስተኛው ቤታቸው ገብተዋል። ዛሬ ልጠይቃቸው ስሄድ ወንድሜ ቀድሞኝ እዚያ ነበር። ልመለስ አሰብኩ። ሚስትየዋ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ፣ ቀረሁ።

ግድግዳው ላይ አንድ ክራንች ተደግፏል። አስቀያሚ ነው። ቀለም የለው፣ መብራት የለው፣ አይታጠፍ። ወጥ ቧንቧ ነው። ጎማው ግን ሰፊ ነው፣ ዘንጉ ሲያዘነብል አብሮ ያዘነብላል፣ መሬቱን አይለቅም። ወንድሜ ከሥራ አልወጣም፤ ከኤግዚቢሽን ወጥቷል። ሥራ አስኪያጇ እነዚህ ሁለት ሰዎች እሺ ሳይሉ አንድም ክራንች ከዚህ አይወጣም ብላዋለች። ይህንን ራሱ ነገረኝ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሎ።

ክራንቹ ለፖስተኛው ተሰጣቸው። ተኝተው እንደ ጠመንጃ አገላብጠው አዩት። "አልቆምበትም" አሉ። ቆፍጠን ብለው ነው። ከአልጋቸው ወርደው ወደ ደጅ መውጣት ፈርተዋል፣ ሚስትየዋ ነግራኛለች። ስንት ሰፈር በእግሩ ያካለለ ሰው! ንዴቴ እንደገና ወጣ፣ ወደ ወንድሜ ዞርኩ፣ ልናገረው አፌን ከፈትኩ።

እሱ ቀደመኝ። መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፣ ወደላይ አየኝ። ክራንቹን አይደለም፣ እኔን።

"የት የት ነው የሚያምሽ?"

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሐኪሞቹም እግሬን እንጂ እኔን አይደለም የጠየቁት። ከየት ልጀምር?

ከመዳፌ ጀመርኩ። አውራ ጣቴ ሥር ያለችውን ቦታ፣ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ አልይዝ የሚለኝን። የእጄን አንጓ። ብብቴን፣ ሸሚዝ ሲነካው። አንገቴን። ደረጃ ስወርድና ስወጣ ሕመሙ አንድ እንዳልሆነ። ሰው ከኋላዬ ሲጣደፍ ትከሻዬ እንዴት እንደሚጠብቅ። ስልኩን አላወጣም። "ቆይ፣ ይሄንን አሳዪኝ" ይላል፣ መዳፌን ይይዛል፣ ይለቃል። እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት ሚስትየዋ መሐረብ ስትሰጠኝ ነው። ንዴቱም አልወጣልኝም፣ እያለቀስኩም እቆጣዋለሁ፣ ይሰማል።

ፖስተኛው ክራንቹን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ገና ጀርባዬ ላይ አልደረስኩም ነበር።