ሁለት ጣት ውሃ

ሰኞ፣ ሰኔ 10 ቀን 1966

የኩሬው ውሃ ደግሞ ሁለት ጣት ወረደ። ትናንት ጧት ሁለት፣ ዛሬ ጧት ሁለት። አባ እንድሪስን ጠርቼ ውሃውን የምለካበትን ዘንግ አሳየኋቸው። «ፀሐይ ጠጥታው ነው» አሉኝ። ሌሊት የምትጠጣ ፀሐይ የት አገር አለች? አልኳቸው። አኮረፉ። የክሊኒኩ አትክልት ጠባቂ እሳቸው ናቸው፤ ኩሬውንም አብረን ነው የቆፈርነው። ያማኋቸው መስሏቸዋል።

ሸራው ተቀዷል፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው? አምና ስንቆፍረው አፈሩ ውሃ አልይዝ ቢለን አሮጌ የድንኳን ሸራ ሰም አጠጥተን አነጠፍንበት። ይኸው ዓመት ያዘ። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይክደኛል?

ልጻፈው፣ ምናልባት ይቀለኝ። ውሃው ካለቀ ጎመኑና ድንቹ ይደርቃሉ። እነሱ ከደረቁ ረሃብ ሸሽተው ከቆላ ለመጡት እናቶች የሚቀረው ባዶ የስንዴ አጥሚት ነው። ዘሐራ ከከላላ በታች ካለው ቆላ ልጇን አዝላ ስትገባ ጡቷ ደርቆ ነበር፤ ልጁ ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበረውም። ጎመን መብላት ከጀመረች ወዲህ ነው ወተቷ ጠብ ጠብ ማለት የያዘው። አሁን ቢቋረጥባት ልጁ ክረምቱን አይሻገርም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ቀዳዳው ተገኘ። ምነው ባልተገኘ!

አባ እንድሪስ ኩርፊያቸውን ትተው አንድ እንቅብ አመድ ይዘው መጡ። ውሃው ላይ በተኑትና ቁጭ ብለን አየን። አመዱ ቀስ እያለ ወደ አንድ ጥግ ሄደ፤ እኔ ጧት ጧት ወደምቆምበት ጥግ። እጄን ሰድጄ ሸራውን ዳበስኩት። አንድ ቀዳዳ አይደለም፣ ሰባት ስምንት ይሆናል፣ እጅብ ብሎ በአንድ ቦታ።

ዘንጌን አየሁት። ቀጥ ብሎ እንዲቆምልኝ ብዬ በሚያዝያ ጫፉን ያሾልኩት እኔው ነኝ። በየጧቱ፣ ሲጨንቀኝ ደግሞ በቀን ሦስቴ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ስወጋ ከረምኩ። ውሃው ጎደለ እያልኩ ያጎደልኩት እኔ! ልደብቀው አሰብኩ፤ አልሆነልኝም፣ ነገርኳቸው። አባ እንድሪስ መሬት ላይ ቁጭ እስኪሉ ሳቁ። «ተኛ አልተኛም እያለች ልጇን የምትቀሰቅስ እናት ሆኑ እኮ፣ ሐኪም!» አሉ። ዘንጉን ሰባብረው ከአጥሚቱ ድስት ሥር ማገዱት። ሐኪም የሚሉኝ ሁሉም ናቸው፤ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነኝ ብል ማን ሰምቶኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ቀኑን ሙሉ ውሃ ስናግዝ ዋልን። ቀዳዳው ከውሃ እስኪወጣ በእንስራ፣ በበርሜል፣ መርፌ በምቀቅልበት ድስት ሳይቀር ቀዳን። እናቶቹ አቅም ሳይኖራቸው አገዙን። መንገድ ላይ በፈሰሰ ቁጥር ቀስ በሉ እያልኩ እጮሃለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን የጧፍ ቁራጭ ለምኜ ሰሙን አቅልጬ ቀባሁት። እርጥብ ሸራ ላይ አልይዝ አለ፤ በጥፍሬ ስነካው እንደ እንቁላል ልጣጭ ተነሳ። የትምህርት ቤቱ መምህራን ሬዲዮ ሰምተው ሲመለሱ አዩኝ። አንደኛው «ወታደር ተነስቶ አገር እየተገለባበጠ አንተ ከሸራ ጋር ትታገላለህ?» አለኝ። ሂድልኝ አልኩት። ስለ ወታደሮቹ ነገ እሰማለሁ።

አባ እንድሪስ አባታቸው የተሰነጠቀ ቅል በቁልቋል ወተት ይደፍኑ እንደነበር አነሱ። «ሲደርቅ መርዙም አብሮ ይደርቃል፣ አብሽሩ» አሉኝ። ልጆቻችሁን ከቁልቋል አርቁ፣ ዓይን ያጠፋል እያልኩ ዓመታት ያስተማርኩ ሰው እሺ አልኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

በአንድ ዓይን ነው የምጽፈው።

ቁራጭ ጨርቅ በቁልቋል ወተት እየነከርን ለጠፍንበት። ያዘ፣ በደንብ ያዘ። ደስ ብሎኝ የግንባሬን ላብ በእጅጌዬ ጠረግሁ። እጅጌዬ ርሶ ኖሯል። ያ ረቢ! እሳት ገባብኝ። እኔ ክርስቲያኑ የጮህኩት እንደ አባ እንድሪስ ነው። እሳቸው ጭንቅላቴን ይዘው ከበርሜሉ እየቀዱ አፈሰሱብኝ፣ አፈሰሱብኝ። በዚያ ሥቃይ ውስጥ ሆኜ እንኳ ይህ ስንት መደብ ጎመን ያጠጣ ነበር ብዬ አሰብኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ዓይኔ አብጦ ተዘግቷል። የዓይን ቅባት አልቋል፤ የመጨረሻዋን ቱቦ በመቀስ ሰንጥቄ ጠረግኋት። መድኃኒት ከደሴ ይመጣል ከተባለ ወር አለፈ። ብታወርስ?

ረፋዱ ላይ ዘሐራ በሲኒ ትንሽ ወተት ይዛ መጣች። ከራሷ ነው። «የቁልቋል ቃጠሎ የሚበርደው በእናት ወተት ነው» አለች። ጮህኩባት። ልጅሽን አጥቢበት፣ ለእኔ ብለሽ ነው የምትቀንሺበት? አልኳት። እሷ አልደነገጠችም። «አፈር ስሆን ይተኙልኝ። ዓይን እኮ ነው፣ ሐኪም! ሁለት ጠብታ ነው።»

ግድግዳዬ ላይ የምስክር ወረቀት የሰቀልኩ ሰው በሽተኛ የማስተኛበት አግዳሚ ላይ ተጋደምኩ። በጥጥ አንጠባጠበችልኝ። በረደልኝ፣ ልዋሽ አልችልም። አለቀስኩም። ከሰዓት በኋላ ግን ልጇ ሲያለቅስ ሰማሁና የእሱን ጉርሻ ከአፉ የነጠቅሁት መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ዘሐራ ስትመጣ በሬን አልከፈትኩም። በውጭ ቆማ ቆማ ሄደች። ክፉ ሰው መሰልኳት ይሆናል፤ ልምሰላት፣ ብቻ ልጁ ይጥባ።

ልጥፉ ደረቀ ብለው አባ እንድሪስ የተረፈውን ውሃ ወደ ኩሬው መለሱ። ሕፃን እንዳይጠጣ ዙሪያውን በእሾህ አጥረዋል፤ ውሃው የደረሰበትን በከሰል አሰመርኩ አሉ። ማታ ሲመጡ «ወላሂ አንዲት ጣት አልወረደም» አሉኝ። እንዴት ልመናቸው? ሊሞት ለተቃረበ ሰው እንኳ ነገ ትነሣለህ የሚሉ ሰው ናቸው። በቀን ሄጄ እንዳላይ ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋዋል።

እሑድ፣ ሰኔ 16

ጧት በነጠላ ተሸፍኜ ራሴ ሄድኩ። ውሃው ልክ የከሰሉ መስመር ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ፣ ተነስቼ፣ ዞሬ አየሁ። አልወረደም! ጎመኑ ጠውልጓል እንጂ አልሞተም። አባ እንድሪስን ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ ስለ ምን እንደሆነ አልገባቸውም።

ዓይኔ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ከዚያ በላይ ገና ነው። ይመለስ አይመለስ እንጃ።

ከአትክልቱ ስመለስ ዘሐራ ሲኒዋን ይዛ ደጄ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ለልጅሽ ብዬሽ አልነበረም? ስላት ሳቀች። ስትስቅ ያየሁት ዛሬ ገና ነው።

«ጠግቦ ተኝቷል» አለችኝ። «ይሄ የተረፈ ነው።»

የተረፈ! እውነቷን ይሁን ልታባብለኝ አላወቅሁም። ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥኩ፤ ከእናቶቹ ክፍል የልጅ ለቅሶ አይሰማም። ገብቼ አግዳሚው ላይ ተኛሁላት።