ዓይነ ስውሩ መንገደኛና የክርስትና ስምህ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ሚኪ ወንድሜ፣ ዛሬም ፎጣዬን ወሰድክ ብዬ ልጮህብህ ነበር። ለካ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አጥበውት ነው። ከተቀበርክ ሦስት ሳምንት ሆነህ። ከታች ፎቅ ወጥተው፣ ብቻዬን እንዳላድር ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚሁ ናቸው። ሰኞ ፌሪያቸው፣ የሥራ ዕረፍታቸው፣ ያልቃል። ወደሚጠብቋት ጣሊያናዊት አሮጊት ቤት ይመለሳሉ።

እማዬ ከአዲስ አበባ ደወለች። ዓይኗ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንደታሸገ ነው። ሐኪሙ ወር እስኪሞላት እንዳታለቅስ ብሏል። ለዚህ ነው የሰፈሯ ሽማግሌዎች መርዶህን ያቆዩት። የት ሄደ አለች። በሞተሩ ፒዛ እያደረሰ ነው አልኳት። መኪና የገጨህ በዚያው ሞተር ላይ ሳለህ ነው። "ያ ቀበጥ፣ ሚስት አግብቶ ነው እንጂ እናቱን አይረሳም!" ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅኩ። ሳቅኩ፣ ሚኪ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
ከክፍል ጋር የባሮክ ዘመን፣ የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ፣ የሕትመት ሥዕሎች አየን። ሁሉም መንገደኞች። ተሳላሚ፣ ዘፋኝ፣ ከጦር ሜዳ የተባረረ ወታደር። መዳፍ የማያክሉ ወረቀቶች። መምህራችን ፕሮፌሶሬሳዋ አንዱን መርጣችሁ አንድ ሰዓት እዩ፣ የምታዩትን ብቻ ጻፉ አሉ።

ዓይነ ስውሩንና መሪውን መረጥኩ። መሪው ፊቱን አዙሮ ያወራል። ሕትመቱ ሲሠራ የመዳብ ሰሌዳ ሰም ይቀባል፣ ሰሙ በመርፌ ይጫራል፣ አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል። በዚያ ፀጉር በሚያክል መስመር የዓይነ ስውሩ ጣቶች መሪው ትከሻ ላይ ጥብቅ ብለው ይታያሉ። መሪው እየዋሸው ነው ብዬ ጻፍኩ። ፕሮፌሶሬሳ አነበቡት። አሎራ፣ ታዲያ፣ ዓይነ ስውሩስ ያምነዋል? ጣቶቹን እይ፣ አሉኝ። እንደገና አጎንብሼ አየሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9፣ ከሰዓት
ቤተ ክርስቲያን። ቄሱ ለአርባህ ጸሎት የክርስትና ስምህን እንዳረጋግጥላቸው ጠየቁኝ። የቀብርህ ዕለት ደንግጬ ገብረ ሚካኤል ብያቸው ነበር። ከሚኪ ተነስቼ፣ በግምት። አላውቀውም። ከሦስት ሳምንት በላይ ለማን ሲጸለይ እንደከረመ እንጃ።

የምታውቀው እማዬ ብቻ ናት። ደወልኩ። እንደ ዘበት ጠየቅኳት፣ ለትምህርት ቤት ነው አልኩ።

"ለትምህርት ቤት?" አለች። የክርስትና ስም እኮ ሰው ሲታመም ወይ ሲሞት ነው የሚጠየቀው። እንዴት አላሰብኩትም? ደደብ።

"ኃይለ ጊዮርጊስ" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ስለ አንተ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ዘጋችው። የመጀመሪያዋ ነው።

ታውቃለች። ድሮም እንደዚያ ዓይነ ስውር ትከሻዬን አጥብቃ ይዛ ነበር።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10
ለቄሱ ደወልኩ፣ ስምህ ተስተካከለ።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ የእማዬ ጎረቤት ጋሽ ተፈራ ጋ ደወልኩ። ነገ ማለዳ ይንገሯት አልኳቸው። ተቆጡ። "አንተ ልጅ፣ እናትህን ልታሳውራት ነው?" ብቻዋን ተደብቃ ከምታለቅስ ሰው ይዟት ታልቅስ አልኳቸው። በመጨረሻ ነርስ ልጃቸውን ይዘው እንደሚሄዱ ነገሩኝ።

እትዬ ዘነበች ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። ልቅር ወይ አሉ። ቢቀሩ ሥራቸውን ያጣሉ። ይሂዱ አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ።

ዓይኗ ቢጠፋስ?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት። ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም። ፍራሼን ወለሉ ላይ አወረድኩ፣ እንደ ለቅሶ ቤት። እዚያ ከነጋ ቆይቷል። ተነግሯታል።

ደወልኩ። ጋሽ ተፈራ አነሱት። ከኋላቸው ሙሾ ይሰማል። ዓይኗን ልጃቸው እያየችላት እንደሆነ ነግረውኝ ስልኩን ሰጧት።

ድምጿ ተዘግቷል። ለምን ዋሸኸኝ አላለችም።

"ማን ገነዘው?" አለች።

እኔ አልኳት። እኔና ዲያቆኑ። እግሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ።

ይሄ እውነት ነው።