ከሆዴ ኋላ የተኛችው ሴት

እሑድ፣ ግንቦት 4

ሥልጠናው ተጀመረ። አሥራ ሁለት ጋዜጠኛ፣ አንድ እኔ፣ አንድ ነፍሷ የወጣ ማራገቢያ። ኤደን ከተማ በዚህ ወር... ላብ ብቻ። ርዕሱ «የጤና ቀውስና ሰብዓዊ መብት በጋዜጠኛው ዓይን»። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ርዕስ ረዘም ሲል የተማርኩ ያስመስለኛል።

ስለ ኮሌራ ሕመምተኞች ክብር ጠዋቱን ሙሉ ለፈለፍኩ። ፊታቸው አይታይም። ሳይፈቅዱ ስማቸው አይጠራም። «እምቢ ማለት ይችላሉ» ሳይባሉ ማይክ አይደቀንባቸውም። ወፍራሙን ድምፄን ነው የተጠቀምኩት።

የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ? ማንም የለም። ወንዶቹ ጫት ገበያ፣ ሴቶቹ ቤታቸው። ፕሮግራሙ ላይ «ስምንት ሰዓት» ብዬ የጻፍኩት ማነኝ? ዕድሜዬን ሙሉ በስምንት ሰዓት ጫት ስቅም የኖርኩ ሰው! ለለጋሾቹ ብዬ ነው። ትንሽ ብቻዬን ተቀመጥኩና እኔም ወደ በርጫው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ለልምምድ ሼክ ኦስማን ሠፈር፣ ኮሌራ ማከሚያው ድንኳን ሄድን። ካሜራቸውን መኪና ውስጥ እንዲተዉ አዘዝኩ። ሁሉም ታዘዘ። ኮራሁ።

ለጋሾቹ ፎቶ ይፈልጋሉ ብዬ ግን በኔ ስልክ አንድ አስነሳሁ። ሆዴን ሳብ፣ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰር... አጉልቼ አየሁት፤ ሆዴን። ደህና ነው። «ክብርን ማስተማር» ብዬ ጽፌ የምሠራበት ድርጅት ገጽ ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ ኢብቲሃል አይታ «ቦርጭህ አይታይም» አለችኝ። ከሷ አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ፎቶዬን ስንት ሰው ወደደው!

እሑድ፣ ግንቦት 11

አሽዋቅ፣ ያቺ እኔን የማትፈራ የሬዲዮ ዘጋቢ፣ በሻይ ሰዓት ስልኳን ደቀነችብኝ።

«ኡስታዝ፣ እዚህ ፎቶ ላይ ማን ይታይዎታል?»

«እኔ።»

«ከኋላዎስ?»

አየሁ። አልጋ። አልጋው ላይ አንዲት አሮጊት፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ፣ ከሥሯ ባልዲ። ፊቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቀቡል ትባላለች አለችኝ አሽዋቅ። ገበያው ዳር ኸሚር፣ ያን የዘይት ቂጣ፣ ጠብሳ የልጅ ልጆቿን ታሳድጋለች። ድና ወጥታለች። ፎቶው ግን ከስልክ ስልክ ዞሮ ሠፈሩን አዳርሷል። ሊጡ ዘይቱ ውስጥ ይነፋል፣ የሚገዛ የለም። ስሟ «ኮሌራዋ» ሆኗል።

ፎቶውን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው? አፈርኩ። የምሬን ነው ያፈርኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 12

አሽዋቅና ሌላው ሠልጣኝ ጋምዳን መቅረጫ ይዘው መጡ። የማጠናቀቂያ ሥራቸው የአሮጊቷ ጉዳይ ነው። እሷ ስሟ እንዳይነሳ ብላ ፈቅዳለች። የቀረው እኔ ነኝ።

«እምቢ ማለት ይችላሉ» አለችኝ አሽዋቅ፣ በኔው ቃና።

«ስሜን ደብቁልኝ።» እውነት! እንዲህ አልኩ!

«ኡስታዝ፣ በሽተኛ ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም።»

«ፎቶውን የለጠፈውስ?»

ጋምዳን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ። ስሜን ከነአያቴ ሰጠሁ። ወፍራሙ ድምፄ የት እንደገባ እንጃ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

በሬዲዮ ተላለፈ። የማከሚያው ድንኳን ሐኪም «የዳነ ሰው አይፈራም፤ ውሃችሁን አክሙ» አለች። ከዚያ እኔ... ስንተባተብ። ኢብቲሃል እስከ መጨረሻው ሰማች። «ጥሩ ነው፤ በሬዲዮ ቦርጭ አይታይም።»

አለቃዬ ደወለ። ስለ ውሌ እድሳት «እናያለን» አለኝ። ገባኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አላለፍኩም።

«ፎቶው ላይ የተገተርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ኻላ» አልኳት፣ እንደ አክስት።

«ሬዲዮ ላይ አለቀሰ አሉኝ።»

«አላለቀስኩም... ትንሽ ተንተባተብኩ።»

«ሬዲዮ ኸሚር አይገዛም። ቁጭ በል። ብላ። ፊትህን ወደ መንገዱ አዙር፣ ሰው ይይህ።»

በላሁ። ሰው አየኝ። ማንም አልገዛም። ልሂድ ስል «ነገም ና» አለችኝ። ሳልወድ አይደለም እሺ ያልኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

ዛሬም በርጩማዬ ላይ ተጎለትኩ። ማስተማር የለም፣ ማይክ የለም። ማኘክ ብቻ። ዘይቱ ደረቴ ላይ ቆሟል። አልፎ ሂያጁ ገልመጥ አድርጎኝ ያልፋል... እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር?

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴትዮ ቆማ ስታየኝ ቆየች። የድሮ ደንበኛ ናት። ቀቡል አይታታል፤ እንዳላየች ሆና ሊጧን ታገላብጣለች። እኔም አንድ ጎረስኩ፣ ቶሎ ቶሎ።

ሴትዮዋ ተሻግራ መጣች። እኔን ከላይ እስከ ታች መረመረችኝ።

«ይሄ ሰውዬ ትናንትም እዚህ ሲበላ አልነበር?»

«ከትናንት ወዲያም» አለች ቀቡል።

«አልታመመም?»

«የታመመ ሰው እንዲህ ይበላል?»

ሴትዮዋ እንደገና አየችኝ። አፌ ሙሉ ነበር፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩላት።

«እንግዲያው አምስት ጠቅልዪልኝ» አለች።