ከባለ ሁለት ሞተሯ ላይ ያነሣሁት መፍቻ

ውድ ካፒቴን፣

ይህን ስታነብ አፍህን ሞልተህ ትሰድበኛለህ። ስደበኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ቅናት ነው። ሌላ ስም ፈልጌለት አጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ባለ አንድ ሞተሯን አሮጊት ሄሊኮፕተራችንን አብረን ያዝናት፤ አንተ አብራሪ፣ እኔ "ካቻቢቴ" ብለህ የምትጠራኝ መካኒክ። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ "ብሎኑን ያሰረ አብሮ ይወጣል" ብለህ ለሙከራ በረራ ከጎንህ ታስቀምጠኝ ነበር። ከዚያ አዲሷ ባለ ሁለት ሞተር ሄሊኮፕተር መጣች። አንተ ወደ እሷ ሄድክ፤ እኔ ከአሮጊቷ ጋር ማዶ ሃንጋር ቀረሁ።

ሻይ ቤት በተገናኘን ቁጥር ወሬህ እሷ ሆነች። "ካቻቢቴ፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ እኮ በሌላው ቤቷ ትገባለች! አሥራ አራት ወታደር ከነትጥቁ ታነሣለች። ወንበሯን ካወጣህላት ቃሬዛ ትደረድርባታለህ። ጭጋግ ቢሆን መንገዱን በስክሪን ታሳየኛለች!" እኔ ስኳሩ ከሟሟ የቆየ ሻዬን አማስላለሁ። እኛ የነበረን አንድ ሞተር ነው፤ እሱ እንዳይጠፋ የምጠብቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ይባስ ብለህ ስለ አዲሱ መካኒክህ "በሱ እጅ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነሣው" አልከኝ። ለእኔ በአሥራ አንድ ዓመት አንዴ እንኳ እንዲህ ብለህ አታውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት "ና እስቲ ተዋወቃት" ብለህ ጠራኸኝ። ስደርስ አንተ ስልክ ታወራለህ፣ አዲሱ መካኒክህ ዘይት ሊያመጣ ሄዷል። መሰላሉን ወጥቼ ሁለቱን ሞተሮች ጎን ለጎን አየኋቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ያምራሉ። የአንዱ ሞተር ጠርዝ ላይ አሥር ቁጥር መፍቻው ተቀምጧል። ኪሴ ከተትኩት።

ከዕቃ ሣጥኑ አንድ መፍቻ ከጎደለ፣ ሞተር ውስጥ ተረስቶ ሊሆን ስለሚችል እስኪገኝ መብረር የለም። ደንቡን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሐሳቤ ትንሽ ላሳፍረው ነበር። ወዲያው ግን ጎርፍ የከበባቸውን ሰዎች አውጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። እሱ ተመልሶ የሣጥኑን ዕቃ ቆጠረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ዝም ብሎ ክዳኑን መዝጋት ይችል ነበር።

"አንድ ጎድሏል። አትነሣም" አለ፣ በሁላችን ፊት።

እጄን ኪሴ ከትቼ መፍቻውን ላወጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ ዞረህ የጮኽከው። "በካቻቢቴ እጅ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምነሣው!" ስንት ጊዜ የጠበቅኩት ቃል ነው። እጄ እዚያው ኪሴ ውስጥ ቀረ። እናንተ መፍቻውን ፍለጋ ሽፋኗን ሁሉ ስትፈቱ፣ ሰዎቹ ጣሪያ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ያወጣቸው ከሌላ ጣቢያ የመጣ ሄሊኮፕተር ነው።

ነገ እሱን ከሥራ ለማንሣት ኮሚቴ ይቀመጣል አሉኝ። አይቀመጥም። ዛሬ ጠዋት መፍቻውን አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ያደረግኩትን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ከእንግዲህ ሃንጋር የሚያስገባኝ የለም።

ያን ቃልህን ግን መልሼልሃለሁ። ለእሱ ስጠው፤ እንደ እኔ ሳታስጠብቀው ፊት ለፊት ንገረው። ብሎኑን ያሰረው እሱ ነው፤ ከጎንህ አስቀምጠው።

ካቻቢቴህ የነበርኩት