የሂርናዋ ሴት ግድግዳ

ውድ ተክልዬ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ተዝካርህን እንደ አቅሜ አውጥቻለሁ፤ ያለህበትም ሰላም ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ ብልህ እዋሻለሁ። የታመምኩት ግን ሰውነቴን አይደለም፤ አንተን ስጠረጥር ነው የከረምኩት። ለሥራ የምትመላለስባት ሂርና ሌላ ሴት ነበረችህ ብዬ። እውነት ከሆነ ስሞት አጠገብህ እንዳይቀብሩኝ ለእህቴ ልነግራት ነበር። በቃ፣ ተናገርኩት፣ ቀለል አለኝ።

ታውቀኛለህ፣ እኔ ዝም ብዬ የማምን ሴት አይደለሁም። አሁንስ ማን ይታመናል? ጎረቤታችን መሰላልህን ለአንድ ቀን ብሎ ወስዶ እስከ ዛሬ አልመለሰውም፤ ጠፋብኝ ይላል። መሰላል እንደ መርፌ ይጠፋል እንዴ? ኮርኒሱ ጥግ ላይ ዝናብ ገብቶ ቡናማ ምልክት ጥሏል፤ ቀበሌው እናድስልሻለን ብሎኛል፣ ሲያድሱት አያለሁ። ዘመዶችህ ደግሞ ፎቶህን በትልቁ አሳጥበው አምጥተው ኮርኒሱ ስር ሰቅለውልህ ሄዱ። አይ አለማወቅ! አናጢ ሆነህ ዕድሜህን ሙሉ ከሰው ጋር የተጣላኸው ፎቶ ሽቅብ በመስቀላቸው አልነበር? እግራቸው ሲወጣ አወረድኩት። አሁን ከዓይኔ ትክክል ነህ፤ ስጠረጥርህም ፊት ለፊት እያየሁህ ነበር።

ጣሪያው ሩቅ የሆነ ቤት ሰውን ያሳንሳል ትል ነበር። እነዚያ የድሮ ነጋዴዎች ያሠሯቸው ቤቶች ውስጥ ሲገቡ ድምፅ ያስተጋባል፣ ወንበሩ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስላል። ባለቤቱም ባዶውን የሚሞላ መስሎት ፎቶውን ሁሉ ሽቅብ ኮርኒሱ ስር ይደረድራል፣ እንግዳው አንገቱን ሲያመው ይውላል። አንተ ታዲያ ፎቶውን ታወርድና በግድግዳው ዙሪያ ጠባብ ጣውላ ታስኬዳለህ። ቀበቶ ነበር የምትለው። ከቀበቶው በታች ደፈን ያለ የዘይት ቀለም፣ በላይ ነጭ ኖራ፣ ወለሉ ጥግ ሰፋ ያለ የእንጨት ጠርዝ፣ ዞኮሎ የምትለው። መጋረጃውም ከጣሪያ ሳይሆን ከቀበቶው ይወርዳል። ያን ጊዜ ክፍሉ ዝቅ ብሎ ሰው ይቀበላል።

የእኛን ቤት ስትሠራ ግድግዳው ላይ አስደግፈህ እጅሽን አንሺ አልከኝ። ሳትንጠራሪ አልክ። ጣቶቼ በደረሱበት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገህ ቀበቶውን በዚያ አስኬድከው። እኔ የስልክ እንጨት እየተባልኩ ያደግኩ፣ ካንተ እንኳ በጭንቅላት የምበልጥ ሴት፣ ያን ቀን ቁመቴን ወደድኩት። ይሄ የእኔና የአንተ ነገር ነው ብዬ ያዝኩት። ለሌላ ሰው ቤት በምን እንደምትለካ ግን ጠይቄህ አላውቅም።

ለቅሶህ ላይ ከሂርና አንዲት ሴት መጣች። ዘይነባ ትባላለች፣ ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ባሏ የሞተባት። ሳሎኗን ስትሠራላት የነበረችው ሴት እሷ እንደሆነች ያን ቀን አወቅኩ። እንዴት እንዳለቀሰች ብታይ! ለአናጢ እንዲህ ይለቀሳል? ጋብ ሲልላት ደግሞ ፊቴን ትታ እጄን ታይ ጀመር። ቀለበቴን ነው የምታየው አልኩ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። በመጨረሻው ዓመት ሂርና ስንት ጊዜ ተመላለስክ? ዛሬ ጣውላው እርጥብ ነው፣ ነገ ቀለሙ አልደረቀም እያልክ። አንድ ክፍል ነው ያልከኝ! አንድ ክፍል ያን ያህል ያመላልሳል? ሸሚዝህን አሽትቼዋለሁ፤ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ብቻ ይላል። ቫርኒሽ ደግሞ ስንቱን ይሸፍናል።

በመጨረሻ አልቻልኩም። ለእህቴ ሽንኩርት ልገዛ ነው ብዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ሂርና ደረስኩ። ዘይነባ በሯ ላይ ስታየኝ አቦ እንኳን መጣሽ ብላ ጥምጥም አለችብኝ። መሳሟም አጠራጠረኝ። ገብቼ ቀና ስል ቀበቶውን አየሁት። ከፍታው የእኛው ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀው። እሷንም እጅሽን አንሺ ብሏታል አልኩ በሆዴ። ያን ሰዓት የሰደብኩህን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ከመጋረጃው አንዱ ቀለበት ወልቆ ነበርና ዘይነባ ልታስተካክለው በርጩማ ጎትታ ወጣች። ወጥታም በእግር ጣቶቿ ቆመች። ለካ ቁመቷ ትከሻዬ ጋ አይደርስም! ለቅሶው ላይ ተቀምጣ ስላየኋት፣ በሯ ላይም ንዴቴ ስላወረኝ አላስተዋልኩም። ቀለበቱን እየታገለች፣ ያንቺ ሰውዬ አቃጠለኝ አለች። ቀበቶውን አንድ ስንዝር ዝቅ አድርግልኝ ብዬ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ሥራውንም አስቆምኩት፣ ወላሂ አሻፈረኝ አለ። ከአሰበ ተፈሪ፣ ከቤታችሁ፣ ይዞት የሚመጣ ዘንግ አለው፤ እሱን ግድግዳው ላይ ያቆምና፣ ይሄ የሚስቴ እጅ ነው፣ ለረጅም ግድግዳ ከዚህ ሌላ ልክ አላውቅም ይለኛል። ያን ሁሉ የተመላለሰው ስንጨቃጨቅ ነው አለች። እንደተኳረፍን ሳንታረቅ ሞተብኝ ብላ እንደገና እንባዋ መጣ። እጄን ያየችውም በየቀኑ የምትረግማትን እጅ ለማየት ኖሯል።

እኔ ግን እኔ ነኝ። ወሬ ማሳመር ማን ያቅተዋል? ዘይነባ ሻይ ላፍላ ብላ ጓዳ ስትገባ ተነስቼ ግድግዳውን ተደገፍኩና እጄን አነሳሁ። ሳልንጠራራ ደረሰ። ሻዩን እያለቀስኩ ጠጣሁት፤ እሷም ምን ሆንሽ ሳትል ስኳር ጨመረችልኝ። አንተ ሰው፣ ምናለ አንድ ቀን ብትነግረኝ?

ይህም አልበቃኝም። ስመለስ ከአውቶቡሱ ጀምሮ ደግሞ አንድ ቤት በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ይበላኝ ጀመር። ዘይነባ ብልህ ናት፣ ማን ያውቃል። ባለፈው እሑድ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። የሚሰበሰብበት አዳራሽ ሳይወረስ በፊት የአንድ ጨው ነጋዴ ሳሎን ነበር፣ ገና እንደተጋባን የሠራኸው። ሂርና ብሎ ነገር ሳይኖር። ከስብሰባ የምሸሸው ሴት ቀድሜ ሄጄ ግድግዳው ስር ተቀመጥኩ። እነዚያን የአብዮቱን ጢማም ፈረንጆች በፎቶ ኮርኒሱ ስር ሰቅለዋቸዋል፤ ብታይ ትናደድ ነበር። ሊቀመንበሩ ስለ ጽዳት ዘመቻው ሲናገር ቀስ ብዬ ተነሳሁ፣ ጀርባዬን አስደገፍኩ፣ እጄን ወደ ላይ ሰደድኩ። ጣቶቼ ጣውላውን ነኩ።

ሊቀመንበሩ ንግግሩን አቋርጦ፣ ጓድ፣ ጥያቄ አለሽ ወይ አለኝ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የለኝም አልኩት። እጄን ግን ወዲያው አላወረድኩም።

ቁመቴ እስኪያጥር የማልረሳህ፣
ሚስትህ ዘነበች