አባትሽና ከፕራግ የላክሽው ቫይታሚን

ለልጄ ለብዙነሽ፣

አቦዬ ከብርዱም ከክፉ ዓይንም ይጠብቁሽ። እኛ ተመስገን ደህና ነን፤ ከቤቱ የጎደለው ሳቅሽ ብቻ ነው።

አባትሽ ግን አስደንግጦን ነበር። የልቡ ምት እየተዛባ ሐኪሙ ኪኒን እንደሰጠው ታውቂያለሽ። የላክሽው ቫይታሚን ሲደርሰው «የልጄ መድኃኒት ይበልጣል» ብሎ ኪኒኑን ሳይነግረኝ ተወው። በሳምንቱ ፋብሪካ ውስጥ ልቡ ያለ ልክ ይመታ ጀመር፤ ጓደኞቹ ደግፈው ሐኪም ቤት አደረሱት።

ሐኪሙ አባትሽ ከኪሱ ያወጣውን የቫይታሚን ጠርሙስ አየና «አቶ በዛብህ፣ ይህ የልብ ምት አያስተካክልም። ኪኒኑን አያቋርጡ፤ ሌላ ነገር ሲያምርዎ መጀመሪያ እኔን ይጠይቁ። አረቄም ይቅርብዎ» አለው።

አሁን ተሽሎት ሥራ ገብቷል። ጨው ስለቀነስኩበት «ይህ ሽሮ ነው ወይስ ሌላ ኪኒን?» እያለ ያስቀኛል። ጎረቤታችን ሐጀራ ልጇን ስትድር ሊጨፍር ተነሥቶ በግድ አስቀመጥነው፤ ተቀምጦም ትከሻው አላረፈም።

አንቺ እንዳይከፋሽ፤ ያሳሳተው ፍቅርሽ ነው። እኔን አይሰማኝምና «አባባ፣ የሐኪሙን ኪኒን አይተዉ» ብለሽ በእጅሽ ጻፊልኝ። ያንቺን ቃል ከሐኪሙም በላይ ያምናል።

ትምህርትሽን አስጨርሶ በጤና ያገናኘን።

እናትሽ ወርቅነሽ፣ ከአቃቂ