ለአባትሽ የሚሆን ሰዓት

የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ያሳደገሽ አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ያጠናሽው አይጥፋብሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል። አክስትሽ አሁንም እኔ ዘንድ ታድራለች፣ ታንኮራፋለች፤ ቤቱ ጭር ከሚል ይሻላል።

ለማስተርስ መግቢያ ፈተናው ያወጣሽውን የጥናት ፕሮግራም እሷው ከስልኳ አነበበችልኝ። ጠዋት ሂሳብ፣ ከሥራ መልስ ንባብ፣ ማታ ድርሰት፤ እሁድም ሂሳብ። ጎበዝ ነሽ። ግን ልጄ፣ አባትሽን ከቀበርን ወር እንኳ አልሞላም፤ ማልቀሻ ሰዓትሽ የታለ?

እሱ እንደሆነ፣ እዚህ ስታጠኚ የለመደውን ባሕር ማዶ ከሄድሽም በኋላ አልተወም ነበር። የጥናት ሰዓትሽ ሲደርስ የስፌት መኪናውን ያቆማል። ደንበኛው "እዚያ ድረስ ይሰማል እንዴ?" ብሎ ሲስቅበት፣ "ልጄ እያጠናች ነው፤ ሱሪህ ይቆይ" ይለዋል።

ፈጣሪ እንባሽን ያብስልሽ። እባክሽ፣ የእሁዱን ሂሳብ ሰርዢና ደውይልኝ። ስልኩን መኪናው ላይ አስቀምጬ መርገጫውን እረግጥልሻለሁ። ለአንቺ ብሎ ዝም ያሰኘውን ድምፅ ስሚው፤ አብረን እናልቅስ። ሰኞ ታጠኚያለሽ።

እናትሽ